ጠመኔውን ጥሎ ወደ ሰሊጥ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የአንድ መምህር ነገር ላውጋችሁ። ስሙን አልጠራም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ፣ ከደባርቅ እንጀራ ፍለጋ ወደ ቆላ የሚወርደው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነውና፣ ብዙዎቹን በእሱ ውስጥ አድርጋችሁ ስሙት።

መምህሩ ደገኛ ነው። ደመወዙ ወሩን አያጋምስለትም። ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ገና 1,100 ብር ነበር፤ ወደ 4,760 ብር ያደገው በ2017 ዓ.ም. ነው። የእሱ ከዝቅተኛው ቢሻልም የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ይበልጡት ነበር።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ቆላው ደግሞ በዚያው ወቅት አረም ያጣድፈዋል። «ክረምቱን ሠርቼ ልመለስ» አለና ከጎንደር ተነሣ፤ ሳንጃን አልፎ፣ አብርሃጅራን አልፎ አብደራፊ ገባ። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በዝናብ እግር ይውጣል፣ መኪና ያስቀራል። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ሲያርም ሰነበተ። ነሐሴ ሲያልቅ ገንዘቡን ቆጠረው። ከደመወዙ ጋር ሲያስተያየው ልቡ ሸፈተ።

መስከረም ጠባ። ደጋ ላይ ትምህርት ቤቱ ተማሪ መመዝገብ ጀመረ፤ ቆላ ላይ ሰሊጡ ደረሰ። ሁለቱ በአንድ ወር መጡበት። ሻንጣውን ሲያስር የእርሻው ወኪል አገኘው።

«መምህር፣ ወዴት ነው?»

«ልሂድ እንጂ ጋሼ፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል።»

«ልጆቹስ ይጠብቁሃል፤ ሰሊጡ ግን አይጠብቅም። ዋጋው ገና መነሣቱ ነው፤ ማጭድ ያዝ።»

ወኪሉ አልዋሸም። ሰሊጥ ከሌላ እህል የሚለየው በዚህ ነው። ፍሬው የሚደርሰው ከግንዱ ሥር ወደ ላይ ነው፤ የታችኛው ቢጫ ሲሆን የላይኛው ገና አረንጓዴ ነው። ጥቂት ቀን ካሳለፉት የታችኛው አፉን ይከፍትና ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለችው ጊዜ ሞት ሽረት ናት። ሁሉም ባለሀብት በአንድ ሳምንት ሰው ይፈልጋል፤ የእጅ ዋጋ በማግስቱ ይጨምራል፤ ጠዋት ከአንዱ ጋር የተስማማው ሠራተኛ ማታ የተሻለ ከፋይ ዘንድ ያድራል። የታጨደው በነዶ በነዶ ይታሰርና ነዶዎቹ ጫፋቸው ወደ ሰማይ ሆኖ፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ። ይህን ክምር ሂላ ይሉታል። አንዳንዱ በቀን ይከፈለዋል፣ አንዳንዱ ባቆመው ሂላ ልክ። ሂላው ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል፤ ያ ነጭ ዘር በጆንያ ሆኖ ወደ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል።

መምህሩ ቀረ። እኔ አልፈርድበትም። ልጁን ማብላት ያቃተውን ሰው «ሙያህን አክብር» ብሎ መምከር ይቀላል፤ ሙያው ግን ኪራይ አይከፍልለትም።

ሆኖም በዚያ ገንዘብ ውስጥ ማንም ቁጭ ብሎ ያላሰላለት ሂሳብ ነበረበት። የሰሊጥ አጫጅ ቤት የለውም። ሌሊቱ ስለሚሞቅ ዳስ ሥር፣ አለዚያም ሜዳ ላይ ይተኛል። ከዋልካው ስንጥቅና ከግራር ሥር ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ትወጣለች፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ስትነክስ ብዙም አትሰማም፤ በሽታው የሚገለጠው ወራት ቆይቶ፣ ሰውየው ደጋ ገብቶ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው። የቆላው ተወላጅ ከልጅነቱ የለመደውን ደገኛው ባዶ እጁን ይገጥመዋል።

መምህራችንም ደጋ ከተመለሰ በኋላ ጥር ላይ ትኩሳት ያዘው። «ወባ ነው» ተባለ፤ መድኃኒት ዋጠ። ትኩሳቱ ሄዶ መጣ። ሰውነቱ ከሳ፣ ጣፊያው አበጠና ሆዱ ተነፋ። ደግሞ የወባ መድኃኒት ዋጠ። ከየት እንደመጣ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረም። ካላዛር ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። መምህሩን ያተረፈው አብሮት ያጨደ ጓደኛው ነው፤ «ይህንን እኔም ታምሜዋለሁ» ብሎ ጎትቶ አብደራፊ ወሰደው። እዚያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርንና የእባብ ንክሻን ሲያክሙ ከ20 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ከጣቱ ጠብታ ደም ተወሰደ፤ በሽታው ታወቀ። ከዚያ 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ተወጋ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ቢሆን ሕክምናው ከዚህም ይከብዳል፤ በሽታውም ይመላለሳል።

አጫጁን የገጠመው በሽታ ብቻ አይደለም፤ ስለዚያ አገር ሲወራ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ከአብደራፊ ብዙም በማይርቀው ማይካድራ በተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በቅድመ ሪፖርቱ ቢያንስ 600 ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለሥራ የወረዱ ነበሩ። የሰሊጡ ወቅት ገና አላለቀም ነበር።

ወደ ደመወዙ ነገር ልመለስ፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። የዋጋ ንረቱ ግን ቀድሞታል፤ ሰሊጥ ሲደርስ መኪናው ዛሬም ሞልቶ ይወርዳል። ይውረድ፤ ሰው የተሻለ ወደሚከፈልበት መሄዱ መብቱ ነው። ባለሀብቱ ግን ሠራተኛ ሲቀጥር አጎበርና መጠለያ ያዘጋጅ፤ በአንድ ሄክታር ሰሊጥ ከሚያገኘው አንጻር ትንሽ ወጪ ነው።

እናንተም ዘንድ ከመተማ፣ ከአብደራፊ ወይም ከሁመራ የተመለሰ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ካለ፣ ትኩሳቱም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወባ ነው ብላችሁ አትተዉት። ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ገና እንደተቀመጠም ቆላ ወርዶ እንደነበር ንገሩለት።