ግሪሳን የሚያባርረው ማነው? ከማማው እስከ አውሮፕላኑ

የግሪሳ ወፍ ወረራ በዜና ሲነገር ቶሎ ስሙ የሚነሳው አውሮፕላኑ ነው። ይህን ያህል ሄክታር ላይ ኬሚካል ተረጨ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ወፍ ተወገደ ይባላል፤ ወሬው በዚያው ያበቃል። የማሽላ ጥበቃው ግን አውሮፕላኑ ሳይመጣም ነበር፣ ከሄደ በኋላም ይቀጥላል። ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ለማወቅ ከጅግጅጋ እስከ ቀብሪበያ ያለውን ሜዳ ታሪክ ማየት ይበጃል።

ቀብሪበያ ከጅግጅጋ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ብዙ ሰው የሚያውቃት የሶማሊያ መንግሥት በፈረሰበት በእ.ኤ.አ. 1991 በተቋቋመው የስደተኞች መጠለያ ነው። አካባቢው ግን የእርሻ አገርም ነው። ሶማሌ ሲባል ግመልና ፍየል ብቻ የሚታየው ሰው የፋፋን ዞንን ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ይዘነጋል። ከሐረር ደጋማ አካባቢዎች ጋር በነበረው ጉርብትና የበሬ እርሻ ወደ ሜዳው እየገባ ሲሄድ፣ ከብት አርቢው ቀስ በቀስ ከፊል ገበሬ ሆነ። አዲስ ሀብት አዲስ ጠላት ይዞ ይመጣል። ለግመል አርቢ ወፍ ጉዳዩ አይደለችም። ማሽላ ለዘራ ሰው ግን የዓመት ጉሮሮው በእሷ እጅ ነው።

ግሪሳ 20 ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ወፍ ናት። በቀን እስከ 10 ግራም እህል ትበላለች። ለብቻዋ ብትሆን ማንም አያያትም ነበር፤ ችግሩ በሚሊዮን እየሆነች መምጣቷ ነው። ሁለት ሚሊዮን ወፍ ያለበት አንድ መንጋ በቀን እስከ 200 ኩንታል ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። የተፈጥሮ ምግቧ የዱር ሣር ፍሬ ነው። ዝናብ ሲጥልና መሬት ላይ የወደቀው የሣር ዘር ሲበቅል የምትበላው ስለምታጣ ዝናቡን ተከትላ ትሰደዳለች። አዲሱ ሣር ሲያፈራ በግራር ጥሻ ውስጥ በጅምላ ጎጆ ትሠራለች፣ ትፈለፍላለች። የሣሩ ፍሬ ሲመናመንና ማሽላው ወተት ሲቋጥር ደግሞ ፊቷን ወደ ማሳ ታዞራለች።

ለዚህ የገበሬው መልስ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ማሽላ አብቃይ አካባቢ ተመሳሳይ ነው። በማሳው መካከል ማማ ይተከላል፤ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ጣሳ ይዘጋጃል፤ በኋለኛው ዘመን በነፋስ የሚያፏጭ የካሴት ክርም ተጨምሯል። ግሪሳ አጥብቃ የምትበላው በማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስለሆነ ጠባቂው ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። አዝመራው እስኪደርስ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ማማው ላይ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ማሽላ የሚያሸትበት ወቅትና ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወቅት ይገጣጠማሉ። የግሪሳ ጉዳት በኩንታል ሲቆጠር የልጁ የመስከረምና የጥቅምት ትምህርት አብሮ አይቆጠርም።

መንግሥታት ወደዚህ ጦርነት የገቡት በአንበጣ በኩል ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት የተመሠረተበት ስምምነት በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። ድርጅቱ ከአንበጣ ሌላ ግሪሳን፣ ተምችንና ፄፄ ዝንብን የመከላከል ሥራም ያዘ። ኢትዮጵያና ሶማሊያ ሁለቱም አባል ነበሩ። ከመስከረም 1970 ዓ.ም. ጀምሮ ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ሆና፣ የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ድል እስኪገኝ ድረስ የተዋጉት ሁለት አገሮች፣ አንበጣና ወፍ በመከላከሉ ረገድ የአንድ ድርጅት አባላት ነበሩ። ያ ጦርነት ማሽላ የሚያሸትበትንና የሚታጨድበትን ወቅት በሙሉ ይዞ አለፈ።

አውሮፕላኑ የሚረጨው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ወፎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲሰበሰቡ ነው። ከዚያ በፊት በአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች በፈንጂና በእሳት መርጫ ጭምር ተሞክሯል። ያም ሆኖ ግሪሳ ዛሬም በዓለም በቁጥር ከሚበዙት የዱር ወፎች ቀዳሚ እንደሆነች ይታመናል። ተመራማሪው ፒተር ዋርድ በእ.ኤ.አ. 1979 ባሳተመው ጽሑፍ የወፏን አጠቃላይ ቁጥር ለመቀነስ መሞከር እንደማያዋጣ፣ ሰብልን በቀጥታ የሚያሰጋውን መንጋ ብቻ ለይቶ መምታት እንደሚሻል ተከራክሯል። በዚያው ዘመን በአዋሽ ተፋሰስ በማሽላ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይለካ ነበር። በስምጥ ሸለቆም ወፎቹ ላይ ከአውሮፕላን የሚያበራ ቀለም እየተረጨ ጉዟቸው ተጠና። አንድ ቦታ የፈለፈሉ ወፎች በዚያው ወቅት ወደ ሌላ ቦታ ተጉዘው እንደገና ጎጆ እንደሚሠሩ የሚያሳይ ማስረጃም ተገኘ። ይህ ለፋፋን ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። የእሱን ማሳ የሚወርረው መንጋ እሱ በማያየው፣ ወረዳውም በማያዝበት ጥሻ ውስጥ ሊፈለፈል ይችላል ማለት ነው።

ወፍን በጅምላ መፍጀት ምን እንደሚያስከትል ቻይና አይታዋለች። በእ.ኤ.አ. 1958 በተጀመረው ዘመቻ ድንቢጦች እህል ይበላሉ ተብለው ሕዝቡ እንዲፈጃቸው ተደረገ። ድንቢጦቹ ሲያልቁ ይበሏቸው የነበሩት ተባዮች በረከቱ፤ በ1960 ድንቢጥ ከጠላቶች ዝርዝር ወጥታ በምትኳ ትኋን ገባች። ግሪሳን መርጨትም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚውለው ፌንቲዮን የተባለው ኬሚካል የተመረዘችውን ወፍ የሚበሉ ጭልፊቶችንና ሌሎች አእዋፍን አብሮ ይገድላል፤ የሞተውን ወፍ ለቅሞ የሚበላ ሰውም ለአደጋ ይጋለጣል። በእ.ኤ.አ. 2025 ጄኔቫ ላይ በተደረገው የሮተርዳም ስምምነት ጉባኤ፣ ለዚህ ርጭት የሚውለው ከፍተኛ ይዘት ያለው የፌንቲዮን ዓይነት ተቀባዩ አገር አስቀድሞ አውቆ ካልፈቀደ በስተቀር ወደ ውጭ እንዳይላክ በሚደነግገው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ክልከላ ባይሆንም ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህ ማለት አውሮፕላኑ ይቅር ማለት አይደለም። ሚሊዮን ወፍ ማሳ አጠገብ ሲያድር ወንጭፍ የትም አያደርስም። ጥያቄው አውሮፕላኑ መቼ ይመጣል ነው። ማሽላው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ርጭት ለሪፖርት እንጂ ለገበሬው አይጠቅምም። ጎጆ ሲሠራ ያየ እረኛ ለቀበሌ፣ ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለክልል በሁለት በሦስት ቀን የሚያደርስበት መንገድ ካለ ጫጩቶቹ ሳይበሩ መድረስ ይቻላል። በድርቅ አገር ከብቱን ተከትሎ በየጥሻው የሚዞረውን አርብቶ አደር የሚያህል ቃፊር የለም፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

የዘር ጉዳይም አለ። ታኒን የሚበዛበት ቡናማ ማሽላ ስለሚመርር ወፍ ሌላ ካገኘች ትተወዋለች፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ሰሬዶ የተባለው ዝርያ በዚህ ይታወቃል። ገበያና እንጀራ የሚፈልጉት ግን ነጩንና ጣፋጩን ነው። ቀድሞ የሚደርስ ዝርያ ድርቅን ያመልጣል፤ ብቻውን ቀድሞ ካሸተ ግን የአካባቢው ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ አዲስ ዘር ሲታደል ጎረቤታሞች አብረው እንዲዘሩ ማድረግ ከዘሩ እኩል ዋጋ አለው።

ከሁሉ በፊት ግን የማማው ሥራ በሒሳብ ይግባ። የክልሉ ግብርና ቢሮ የተረጨውን ሄክታር ሲቆጥር፣ ትምህርት ቢሮው በዚያው ወቅት ከክፍል የጎደሉትን ልጆች ይቁጠር፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ያኔ በጊዜው የሚደርስ ቅኝት ወይም ለአዋቂ ጠባቂ የሚከፈል የቀን አበል ውድ ነው የሚለው ክርክር ይቀልላል። እስከዛሬ ርካሽ የመሰለው የልጁ ድካም በማንም መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ነው።