ከሚሰበረው ማዕበል ማዶ

በውቅያኖስ ዳርቻ ቆሞ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አንድ ጥንታዊ ችግር አለበት፤ እርሱ ወዲህ ነው፣ ዓሣው ወዲያ። በመካከላቸው ማዕበሉ እየተሰበረ ነጭ አረፋ የሚደፍቅበት፣ ጀልባ የማይደፍረው፣ ዋናተኛም የማያምነው የውሃ ድንበር ተዘርግቷል። በጀልባ የሚያጠምድ ሰው ከዓሣው በላይ ሆኖ መንጠቆውን ቁልቁል ይለቀዋል። የወንዝ ዳር አጥማጅም ክሩን ጥቂት ክንድ ቢያሻግር ይበቃዋል። የባሕር ዳሩ አጥማጅ ግን ወርዋሪ ነው፤ ካልወረወረ አያጠምድም። ዛሬ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ ዘንግ፣ ማጠንጠኛና ማማለያ ሲመርጥ፣ ትውልዶች ለዚህ ለአንድ ችግር በየተራ ከሰጡት መልስ አንዱን እያነሣ ሌላውን እየጣለ መሆኑን ልብ አይለው ይሆናል።

መልሶቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጡት ከባሕር አይደለም። ከሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ፣ ከሱፍ መፍተያ ፋብሪካ፣ ከአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። "ማጠንጠኛ" የምለው ከዘንጉ ጋር ታስሮ ክሩ የሚጠቀለልበትን ባለ እጀታ መሣሪያ ነው፤ "ማማለያ" ደግሞ ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ ዓሣውን እንደ ሕያው ምግብ የሚያታልለውን። ለመንጠቆማ የቀደመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ "መቃጥን" የሚል ያማረ ቃል ነበረው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጴጥሮስ ወደ ባሕር እንዲጥለው የታዘዘው እርሱን ነው። በዚያ ታሪክ ዓሣው ለግብር የሚከፈለውን ገንዘብ በአፉ ይዞ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ለሚቈጥር እንደ እኔ ላለ የባንክ ጸሓፊ ከዚህ የበለጠ የሚያስቀና ገቢ የለም።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ስለ ማጥመድ በእንግሊዝኛ ከታተሙት ድርሳናት ቀደምቱ በ1496 ዊንኪን ደ ዎርድ በዌስትሚንስተር ያሳተመው ነው፤ በልማድ ጁሊያና በርነርስ ለተባለች መነኵሲት ይሰጣል። በዚያ ድርሳን ማጠንጠኛ የሚባል ነገር የለም። ክሩ ከፈረስ ጭራ ተገምዶ በዘንጉ ጫፍ ይታሰራል፤ አጥማጁም ከዘንጉና ከክሩ ርዝመት አልፎ መድረስ አይችልም። ለወንዝ ይህ በቂ ነበር። ለውቅያኖስ ግን ምንም ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰው ዘንጉን ትቶ በእጁ ይወረውር ነበር፤ የክሩን ጫፍ በብረት አክብዶ፣ እንደ ወንጭፍ አዙሮ ይለቀዋል፣ ከዚያም እጅ በእጅ ይጎትተዋል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኒው ጀርሲና በሎንግ አይላንድ፣ ይህ ልማድ ዘንግና ማጠንጠኛ ከመጡም በኋላ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ታላቅ መልስ ከባሕር እጅግ ከራቀችው ከኬንታኪ መጣ። ጆርጅ ስናይደር ፓሪስ በምትባል የኬንታኪ ከተማ የሚኖር ሰዓትና ብር ሠሪ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሰዓት ሠሪ እጁን ወደ ማጠንጠኛ መለሰ። ጥርስ በጥርስ የሚዞሩ መዘውሮችን አስገብቶ፣ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩ የተጠመጠመበት ከበሮ ደጋግሞ እንዲዞር አደረገ። ሐሳቡን እንግሊዞች ቀድመው ሞክረውት ነበር፤ የእነርሱ ግን ሻካራና ተሰባሪ ነበር። የስናይደርና የተከታዮቹ ሥራ እንደ ኪስ ሰዓት የለሰለሰ ስለ ነበር ከበሮው በነጻነት ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ክር ለመጠቅለል ብቻ ሳይሆን ለመወርወርም አገለገለ። ዘንጉ ሲወናጨፍ ክብደቱ ክሩን ይጎትታል፣ ክሩ ከበሮውን ያዞራል። ጣጣው ያለው ከበሮው ከክሩ ቀድሞ በፈጠነ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ክሩ በገዛ ራሱ ላይ ይተበተባል፣ የሌሊቱም ሥራ በዚያው ያበቃል። ከዚህ የሚያድነው የአጥማጁ አውራ ጣት ብቻ ነበር።

አውራ ጣት ስል ወደ ከቲሃንክ ደሴት እደርሳለሁ፤ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ይህ ምዕራፍ ነው። ከቲሃንክ በማሳቹሴትስ ጫፍ ያለች ድንጋያማ ደሴት ናት። በ1860ዎቹ አጋማሽ የኒውዮርክ ባለጠጎች በዚያ የማጥመጃ ማኅበር አቋቋሙ። የሚፈልጉት ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን፣ ጎኑ ከራሱ እስከ ጅራቱ በጥቁር መስመሮች የተሸነተረውን ታላቅ ዓሣ ነው። ከዳርቻው ድንጋዮች በላይ ወደ ማዕበሉ የሚዘልቁ ጠባብ የሳንቃ ድልድዮች አሠሩ፤ በየድልድዩ ጫፍ አንድ አጥማጅ ይቆማል። የትኛው ድልድይ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ይለያል። አጠገቡ ከደሴቲቱ ልጆች አንዱ ቆሞ የተከተፈ ዓሣ ወደ ውሃው እየበተነ ባሱን ይጠራለታል፤ በመንጠቆው ላይም የሎብስተር ጅራት ይሰካለታል። ዛሬ በውድ ምግብ ቤት በነጭ ጨርቅ ላይ የሚቀርበው ሎብስተር ያኔ የመንጠቆ ስንቅ ነበር።

ዘንጋቸው አጭር የቀርከሃ ዘንግ ነው፤ ድልድዩ ራሱ ግማሹን መንገድ ስለሚያደርሳቸው ረጅም አላስፈለጋቸውም። ማጠንጠኛቸው የስናይደር ዘር ነው፤ ፍሬን ግን የለውም። ባሱ ክሩን ይዞ ሲሸሽ ከበሮውን የሚገታው አውራ ጣት እንዳይላጥ የቆዳ ወይም የክር ልባስ ይለብሳል። ክራቸው በአይርላንድ ከተልባ እግር የተፈተለ ነው። ይህ ክር በደሴቲቱ ስም "ከቲሃንክ" እየተባለ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ተሸጧል። የተልባ እግር ሲርስ ይጠነክራል፤ ርሶ ሲያድር ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ የደከመው አጥማጅ ከባሕር ሲመለስ ክሩን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ዘርግቶ ማድረቅ ነበረበት። በ1938 ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ናይለንን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ዜናው የሴቶች ካልሲ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ናይለን ያን የሌሊት እጥበት ከአጥማጁ ላይ አነሣለት።

ሁለተኛው መልስ የፈታይ ነው። አልፍሬድ ሆልደን ኢሊንግወርዝ በእንግሊዝ አገር፣ በሱፍ ከተማዋ በብራድፎርድ የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካ ነበር። እኛ እንዝርት የምናውቅ ሰዎች ሐሳቡን ለመረዳት አንቸገርም፤ በእንዝርት ላይ የተጠመጠመን ክር በጫፉ በኩል ቢስቡት፣ እንዝርቱ ሳይዞር ክሩ እየተንሸራተተ ይወጣል። ኢሊንግወርዝ ይህን በፋብሪካው ቀሰሞች ላይ ሲያይ ይኖር ነበር። በ1905 ባስመዘገበው ማጠንጠኛ ከበሮው በውርወራ ጊዜ አይዞርም፤ ክሩ በከንፈሩ ላይ እየተፈታ ይሄዳል። የማይዞር ነገር ከክሩ ሊቀድም ስለማይችል የመተብተብ ፍርሃት ቀለለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን ዓይነቱን ማጠንጠኛ ለሕዝብ ካዳረሱት አንዱ ሚቸል የተባለው የፈረንሳይ ሥራ ነው፤ የተሠራውም በክሉዝ፣ በሰዓት ሠሪዎች ከተማ ነው። እነሆ ሰዓት ሠሪው እንደገና መጣ።

ሦስተኛው መልስ ከአውስትራሊያ ነው። ቻርልስ አልቪ ከ1920 ጀምሮ በብሪዝበን የሠራው ማጠንጠኛ ትልቅ መንኰራኵር ይመስላል፤ ለውርወራ ወደ ጎን ይዞራል፣ ለመጠቅለል ወደ ቦታው ይመለሳል። ክሩን ያጠማዝዛል የሚል ነቀፋ አለበት፤ እውነትም ነው። ነገር ግን አሸዋና ጨው የሚገቡበት ጥርስ የለውም። በአሸዋ ላይ ለሚወድቅ መሣሪያ ይህ ከብዙ ውበት ይበልጣል።

እንግዲህ መራጩ ከእነዚህ የሚመርጠው በሚወረውረው ነገር ነው። ምግብ በመንጠቆ ሰክቶ 150 ግራም እርሳስ ወደ ሩቅ ለሚወረውርና አውራ ጣቱን ላሠለጠነ ሰው የስናይደር ዘር ይሻለዋል። ቀላል ማማለያ በተደጋጋሚ ለሚወረውርና ለጀማሪ የፈታዩ መሣሪያ የተገባ ነው። ከዋናው ክር ጫፍ ላይ ወፈር ያለ ክር መቀጠልን ማንም አይርሳ፤ የቀድሞዎቹ ለእያንዳንዱ 28 ግራም እርሳስ ክሩ 4.5 ኪሎ ግራም ያህል መሸከም አለበት ይላሉ። በውርወራ መካከል የተበጠሰ እርሳስ ጥይት ነው፤ ከአጠገብ ሰው ይኖራል።

የዘንጉ ታሪክ አጭር ነው። ከከባድ እንጨት ወደ ቀርከሃ ሄደ፤ ሻክስፒር የተባለው ኩባንያ በ1947 ፋይበርግላስ ዘንግ አወጣ፤ በ1960ዎቹ በእንግሊዝ የፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ የዳበረው ካርቦን ፋይበር በ1970ዎቹ ወደ አጥማጆች እጅ ገባ። ድልድይ የሌለው የዛሬ አጥማጅ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚደርስ ዘንግ ይይዛል፤ ረጅም ዘንግ ረጅም ክንድ ነውና። እኔ ግን ርቀትን እንደ አምልኮ የያዙትን አልከተልም። ማዕበሉ በአሸዋ ጉብታ ላይ ከተሰበረ በኋላ፣ በጉብታውና በዳርቻው መካከል ቦይ ይፈጠራል፤ አዳኝ ዓሣ ትንንሾቹን እያሳደደ ወደዚያ ቦይ ይገባል። ከራሱ እግር 20 ሜትር ላይ ያለውን ዓሣ ዘልሎ 100 ሜትር የሚወረውር ሰው ብዙ ነው።

በማማለያ ረገድ ጥንታዊው ያ በእጅ ይወረወር የነበረው የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። በቅርጽ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ሲደበዝዝ በዳርቻው አሸዋ ታሽቶ ይወለወላል። ነፋስን ሰንጥቆ የሚሄድ ከእርሱ የተሻለ የለም። የእንጨት ማማለያ በአንጻሩ ሕይወት አለው። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 በጫማ ሠሪ ቢላ ቡሽ ቀርጾ፣ በቸኮላት መጠቅለያ አልብሶ፣ በቀለጠ የፎቶግራፍ ፊልም ቀባው። ቁም ነገሩ በሐይቅ ላይ ያስተዋለው ነው፤ አዳኝ ዓሣ ከመንጋው መካከል የሚመርጠው አካሄዱ የሚንገዳገደውን፣ የቆሰለውን ነው። ስለዚህ ማማለያው እንዲያነክስ አድርጎ ሠራው። የዚህ ቤተሰብ ቀጫጭን ማማለያዎች ከሐይቅ ወደ ውቅያኖስ ዳር ተሻገሩ። በመስከረም 1982፣ በአትላንቲክ ሲቲ፣ በማዕበል ሌሊት፣ አል ማክሬይኖልድስ በድንጋይ ግድብ ላይ ቆሞ በእንዲህ ያለ የፕላስቲክ ማማለያ 35.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ስትራይፕድ ባስ አወጣ። እስከ 2011 ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ባሱ እያለቀ ነበር። የከቲሃንክ ማኅበር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ዓሣው ስለ ሳሳበት ከስሞ ነበር፤ አሁን ደግሞ የባሱ ዋና መራቢያ በሆነው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጫጩቶቹ ጠፉ። ይህን አስቀድመው ከጮኹት አንዱ ቦብ ፖንድ ነው። ሰውየው በ1940ዎቹ አቶም የተባለውን ታዋቂ የእንጨት ማማለያ የሠራ ነው፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን ጉልበቱን በማማለያው ለሚታለለው ዓሣ ጥበቃ አዋለ። በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት የጥበቃ ሕግ አወጣ፤ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ባስ ማጥመድን ጨርሶ ከለከለች። ዓሣው ተመለሰ፤ በ1995 አገገመ ተባለ። በ2019 ግን እንደገና ከልክ በላይ መጠመዱ ተገለጸ።

ሰዓት ሠሪውና ፈታዩ ያሸነፉት ርቀት ለዓሣው መጠጊያው ነበር፤ አሁን መጠጊያ የሚሆነው ደንብ ነው። ከ2021 ጀምሮ በዚያ ዳርቻ ባስ በምግብ የሚያጠምድ ሰው ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ብቻ እንዲይዝ ታዘዘ፤ ይህ መንጠቆ ሆድ ሳይገባ የአፍን ጥግ ይይዛል። በግንቦት 2023 ደግሞ በውቅያኖስ ዳር ሊወሰድ የሚችለው ባስ ከ71 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ያለው ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ትንሹ ገና አልወለደም፤ ትልልቆቹ ደግሞ ሁሉም ለማለት ይቻላል እንስቶች ናቸው፣ እንቁላሉም በእነርሱ ነው። የማክሬይኖልድስ ዓሣ በዚያ ደንብ ዘመን፣ በዚያው ግድብ ላይ ቢያዝ ኖሮ፣ መንጠቆው ወልቆለት ወደ አረፋው በተመለሰ ነበር።