የነገሥታት የቤት ዕቃ በባንከኞች ቤት

በጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ የሉዊ 15ኛ ወይም የሉዊ 16ኛ እየተባለ የሚሸጠው ባለወርቅ ወንበርና ጠረጴዛ ብዙው የተሠራው በእነዚያ ነገሥታት ዘመን ሳይሆን መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የነገሥታቱን ዕቃ የፈረንሳይ አብዮት በተነው። ከነሐሴ 1793 ጀምሮ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቬርሳይ ዓመት ገደማ በዘለቀ ጨረታ ከ17,000 በላይ ምድብ ዕቃ ተሸጠ። የእጅ ባለሙያ ማኅበራትም በ1791 ፈርሰው ስለነበር ሙያውን ይጠብቅ የነበረው ሥርዓት አብሮ ቀረ።

ዕቃው ዳግም የተፈለገው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በባንክና በባቡር ሐዲድ የከበሩ ቤተሰቦች ሲበዙ ነው። የናፖሊዮን 3ኛ ባለቤት እቴጌ ዩጂኒ የሉዊ 16ኛን ባለቤት ማሪ አንቷኔትን እጅግ ይወዱ ስለነበር የሉዊ 16ኛን ስልት ወደ ቤተ መንግሥት መለሱ። ከሁሉ የገፉበት ግን ባንከኞቹ ሮትሽልዶች ናቸው። ባሮን ጄምስ ደ ሮትሽልድ ከ1855 እስከ 1859 ከፓሪስ በስተምሥራቅ ባሠራው የፌሪዬር ግንብ የልዩ ልዩ ዘመን ስልት በአንድ ጣሪያ ሥር ተከማቸ፤ ይህም «የሮትሽልድ ጣዕም» ተባለ። የጄምስ ባለቤት ቤቲ ትባል ነበር። ልጇ ባሮን ኤድሞንድ በዛሬዋ እስራኤል ከገደራ ብዙም የማትርቀውን የኤቅሮን መንደር በ1887 በእናቱ ስም መዝከረት ባትያ አሰኛት። የመንደሯ ገበሬዎች የተረዱበትና የፌሪዬር ወንበሮች የተገዙበት ገንዘብ ከአንድ ቤተሰብ የወጣ ነው።

የዚህ ዕቃ ሙያ ያለው በላዩ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አናጺ በርጩማን ከአንድ የዋንዛ ግንድ ፈልፍሎ ያወጣል፤ የፓሪሱ ባለሙያ ግን አካሉን ብዙ ጊዜ ከኦክ ሠርቶ ውድ በሆነ ስስ እንጨት ይለብጠዋል። ልባጩ ከልዩ ልዩ ቀለም እንጨት በቀጭን መጋዝ ተቆርጦ ሲገጣጠም አበባና የሙዚቃ መሣሪያ ይሆናል፤ ቡል በተባለው ስልት ደግሞ ናስና የኤሊ ቅርፊት ይጋባሉ። ማዕዘኑንና እግሩን የሚጠብቀው ነሐስ በወርቅ ይለበጣል። ወርቁ ከሜርኩሪ ጋር ተዋህዶ ይቀባል፣ በእሳት ሲግል ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ትነቱን የሚተነፍሰው ሠራተኛ ይመረዝ ነበር፤ የውበቱን እውነተኛ ዋጋ የከፈለው እርሱ እንጂ ገዢው አይደለም። ከ1840ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሪክ መለበጥ ሲመጣ አደጋው ቀነሰ፣ ወርቁም ሳሳ።

ሆኖም ዘግይቶ የተሠራ ሁሉ ዝቅተኛ አይደለም። ለሉዊ 15ኛ የቤት ዕቃ ሠሪው ኦበን በ1760 የጀመረውን፣ እርሱ ሲሞት ሪዝነር በ1769 የጨረሰውን የጽሕፈት ጠረጴዛ መገልበጥ ለ19ኛው መቶ ዘመን ባለሙያ ትልቅ ፈተና ነበር። ከቦሄሚያ የመጣው ፍራንሷ ሊንክ በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ደግሞ በግልባጭ ሳይሆን የድሮውን ስልት ከዘመኑ ጥበብ ጋር አዋህዶ ባወጣው ሥራ ነው።

በያፎ የአሮጌ ዕቃ ገበያ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያጋጥመው ገዢ የፊቱን ወርቅ ትቶ ጀርባውን፣ የመሳቢያውን ሥርና የልባጩን ውፍረት ይይ። በእጅ የተሰነጠቀ ልባጭ ወፈር ያለና ያልተስተካከለ ነው፤ በማሽን የተሰነጠቀው ስስና እኩል ነው። የዕቃውን ዘመን ለማወቅ ከሻጩ ቃል ይልቅ ይህ ይታመናል።