ጳጉሜን የቆጠረ ደብዳቤ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ቡናው ገና አቦል ነው። ጭስ የሚፈራ በር በር ላይ ይቀመጥ። ዛሬ የማወጋችሁ የንጉሥ ወይም የአርበኛ ታሪክ አይደለም፤ የአሥር ሺህ ስምንት መቶ ብር ነገር ነው።

ሸነንን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። የጅባት ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጅባት ጫካ የወረደ ጉም ገበያዋ ላይ ተኝቶ ረፋድ ድረስ አይነሣም። እኔና አንድ ባልደረባዬ እዚያ ነበር አብረን የምናስተምረው። ስሙን አልጠራም፣ ሙት አይወቀስ ብዬ አይደለም፤ የሚወቀስበት ነገር ስለሌለ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነበር። በ2004 ዓ.ም. አንድ የክረምት ሳምንት ታሞ ሞተ። ሚስቱና የአሥር ዓመት ልጁ ቀሩ።

ጡረታ ያለው ሰው ሲሞት ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስታውሳችሁ። ከ1955ቱ አዋጅ ጀምሮ ይህ አገር ለመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ይከፍላል። ሠራተኛው መጀመሪያ ላይ ከመቶ ብር ደመወዙ 4 ብር ያዋጣ ነበር፤ ኋላ እየጨመረ 7 ደርሷል፣ መንግሥት በበኩሉ 11 ይጨምራል። ሟች ያገኝ ከነበረው ጡረታ ለሚስት ግማሹ፣ ለልጅ ደግሞ ከመቶ 20 ይሰጣል። ልጅ ግን 18 ዓመት ሲሞላው ይቆማል፤ አካል ጉዳተኛ ከሆነ እስከ 21 ይሄዳል። በመሐል የመጣውን ጭማሪ ትቼ ክብ ክቡን ልንገራችሁ፦ ለእሷ በወር 1,000 ብር፣ ለልጁ 400።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ልጁ የተወለደው መስከረም 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ክርስትና ሲነሣ የተሰጠው ወረቀት እንዲያ ይላል። አባቱ ሲሞት ግን ያ ወረቀት ጠፋ፤ ለጡረታው ፎርም የተገኘው የክትባት ካርዱ ሆነ። ካርዱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ነው። 25/09/2001 ይላል። ትክክል ነው፤ የፈረንጆች መስከረም 25 የኛ መስከረም 15 ነው። ፎርሙን የሞላው ሰው ደግሞ ምን አደረገ? ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠው። ዘጠነኛ ወር ስንት ነው? በኛ ቆጠራ ግንቦት። ስለዚህ ልጁ ወረቀት ላይ ግንቦት 25 ቀን 2001 እንደገና ተወለደ! በአንድ እስክርቢቶ ጭረት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ልጅነት ተጨመረለት። ማን ይጠላል?

እናቲቱ አላየችውም። ፎርሙ በአማርኛ፣ ካርዱ በእንግሊዝኛ፣ የቀበሌ መታወቂያዋ በኦሮምኛ ቁቤ ነው። እሷ የምታነበው የልጇን ፊት ነው።

ልጁ መስከረም 2012 ላይ 18 ሞላው። ብሩ ግን አልቆመም። በየወሩ 1,400 ብር ባንክ ይገባል፤ እሷ ታወጣለች። አራት መቶዋ ልጁ አምቦ ለሚማርበት ቤት ኪራይ ትሆናለች፣ የተረፈች እንደሆነ ለሳሙናና ለደብተር። ልጅ 18 ሲሞላው ይቆማል የሚለውን አልሰማችም ነበር ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ሰምታም ቢሆን፣ መንግሥት ቆጥሮ የሚከፍለውን ማን ይቆጥርበታል?

ጥፋቱ እንዴት እንደተገኘ ግን ስሙኝ። ራሷ ናት ያመጣችው። የጠፋው የክርስትና ወረቀት ከሟች መጽሐፍ መሐል ተገኘና፣ በታኅሣሥ 2014 «ፋይሉ ውስጥ ይግባልኝ» ብላ ይዛ ወደ ጡረታው መሥሪያ ቤት ሄደች። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ወረቀቱን አየ፣ ኮምፒዩተሩን አየ፣ እሷን አየ። «እናቴ፣ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?» «ሃያ አለፈው» አለች፣ በኩራት።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤው መጣ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልናገርም፤ ደብዳቤው ግን እጄ ላይ ነበር። ሰማያዊ ክብ ማኅተም፣ ከግርጌው ግልባጭ ግልባጭ። «ያለአግባብ የወሰዱትን ብር 11,600 በ15 ቀናት ውስጥ ገቢ እንዲያደርጉ፣ ይህ ባይሆን ግን…» ባይሆን ግን የእሷም ጡረታ ይቆማል።

«ኦቦ፣ አንብብልኝ» ብላ መጣች። እሷ እኔን ኦቦ፣ እኔ እሷን አዴ ነው የምንባባለው፤ በኦሮምኛ አቶና ወይዘሮ እንደማለት ነው። አነበብኩላት። ብሩን ስጠራ አልደነገጠችም። ያስደነገጣት ሌላ ቃል ነው።

«የወሰዱት ነው የሚለው?»

«አዎ አዴ።»

«እኔ ወሰድኩ? ሰጡኝ እንጂ!»

ቀኑን ሙሉ ከዚያ ቃል አልተነሣችም። እኔ ስለ ብሩ ሳወራ እሷ ስለ ግሡ። እውነቷን ነው፤ በአማርኛ «የተከፈለዎት» እና «የወሰዱት» መካከል ያለው ርቀት ከሸነን አምቦ ይበልጣል። አንዱ የሒሳብ ስሕተት ነው፣ ሌላው ሌብነት።

ሠፈሩ መካሪ አያጣም። አንዱ «ዝም በይ፣ ይረሱታል» አለ። አንዱ ላም ሽጪ አለ። የዕድሩ ሽማግሌ ደግሞ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ተረቱ። እኔ ይህችን ተረት አልወዳትም፤ ብዙ ሰው ያለዕዳው ያስከፈለች ተረት ናት። ሩቅ አገር ሄዳችሁ ብታዩ፣ ሆላንዶች ለልጆች መዋያ የተከፈለን ድጎማ መልሱ እያሉ ከሃያ ሺህ በላይ ወላጅ በአጭበርባሪነት አሳደዱ። ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ሰዎች ዘሮች ነበሩ። በመጨረሻ ጥፋቱ የመንግሥት ሆኖ ተገኘና ጥር 2013 ላይ ካቢኔው እንዳለ ሥልጣን ለቀቀ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ የድጎማ ተቀባዩን ዕዳ ያሰላው ኮምፒዩተር ነው። የሰውን የዓመት ገቢ ለ26 ይከፍልና በየሁለት ሳምንቱ እኩል እንዳገኘ ይቆጥረው ነበር። ክረምት ሠርቶ በጋ ሥራ የፈታው ሁሉ ባለዕዳ ሆነ። ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነው አለ፤ ብሩ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ለአዴ አላወራኋትም። የነገርኳት አንድ ነገር ነው፦ «ደብተሩን አምጪና እንቁጠር።»

የባንክ ደብተሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጤፍ ማድጋው ውስጥ ወጣ። ጠርዙ በቅቤ ወዝቷል። ልጁም ከአምቦ መጥቶ ነበር። ሦስታችን መደቡ ላይ ተቀምጠን እሱ በእርሳስ እየነካ ቆጠረ። ከጥቅምት 2012 እስከ መስከረም 2013፣ አሥራ ሁለት። ከጥቅምት 2013 እስከ መስከረም 2014፣ አሥራ ሁለት። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ሦስት። ሃያ ሰባት ወር። በ400 ሲባዛ 10,800። ደብዳቤው 11,600 ይላል። 800 ብር ከየት መጣ?

ልጁ የአባቱ ልጅ ነው። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ጳጉሜን ቆጥረዋል» አለ። የ2012 ጳጉሜን አንድ፣ የ2013 ጳጉሜን ሁለት፤ ሃያ ዘጠኝ ወር! እስቲ ፍረዱ ወገኖቼ። ይህ አገር አሥራ ሦስት ወር አለው፣ ደመወዝ ግን አሥራ ሁለት ነው። ጳጉሜን በባዶ ኪስ የምናሳልፋት ወር መሆኗን ደመወዝተኛ ያልሆነ እንኳ ያውቃል። ሲከፍሉ የማያውቋትን ሲያስመልሱ አወቋት።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን በጉደር በኩል አምቦ ገባን። መጀመሪያ ወደ አንድ የማውቀው ጠበቃ ወሰድኳት። ጠበቃው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመደርደሪያ አወረደ፤ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ነው። ቁጥር 2162 ላይ ያለአግባብ መበልጸግ የሚባል ነገር አለ። ቀጥሎም በቅን ልቦና የተቀበለ ሰው ጥያቄው ሲቀርብለት ከጥቅሙ በእጁ የቀረ ከሌለ እንዳይመልስ የሚያደርግ ቁጥር አለ። ልቤ ዘለለ። ጠበቃው ግን አዋቂ ነው። «ጡረታ የራሱ አዋጅ አለው» አለ፤ «ይህ ክርክር ችሎት ፊት ይቆም ይሆናል፤ መስኮት ላይ አይሠራም። ችሎት ደግሞ ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ የእርስዎ 1,000 ብር ቢያዝስ?»

አዴ መለሰችለት፣ «እኔ የልጄን ዕድሜ ልክድ አልመጣሁም። የበላሁትን እከፍላለሁ። ያልበላሁትን አልከፍልም። ሌባም አይበሉኝ።»

ማመልከቻው የተጻፈው በዚህ ቃል ነው። ጃንጥላው ሥር የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ሦስት ጉዳይ ብቻ አሰፈረ፦ ሒሳቡ ወር በወር ተዘርዝሮ ይሰጠኝ፣ ስሕተቱ ከየትኛው ወረቀት እንደመጣ ይጻፍልኝ፣ አከፋፈሉም በየወሩ ከጡረታዬ እየተቀነሰ ይሁንልኝ። የደብተሩን ኮፒ፣ የክትባት ካርዱንና የክርስትና ወረቀቱን አያያዝን። እንዳይጠፋ መዝገብ ቤት አስገብተን በሁለተኛው ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን አስመታን። ይህችን ቁጥር እንዳትንቋት፤ ሁለት ጊዜ «እንዲህ ያለ ማመልከቻ አልደረሰንም» ተብለን፣ ሁለቱንም ጊዜ ያዳነችን እሷ ናት።

አራት ጊዜ ተመላለስን። ነገ ኑ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሲስተም የለም። ይህን ማስረዘም አያስፈልገኝም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአራተኛው ቀን ያ የመስኮቱ ወጣት ፎርሙንና ካርዱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ዘጠነኛው ወር ላይ ጣቱን አደረገ። ከዚያ ቀና ሳይል «ይቅርታ እናቴ» አለ። እሱ አልሞላውም፤ ፎርሙ ሲሞላ እሱ ተማሪ ነበር። አዴ ግን ያን ይቅርታ ለሁሉም ቆጠረችላቸው።

ሚያዝያ 2014 አዲስ ደብዳቤ ወጣ። ብር 10,800። በወር 300 እየተቀነሰ፣ 36 ወር። ግሡስ? «ያለአግባብ የወሰዱትን» ይላል፣ እንደነበረ። ጸሐፊዋ ያንኑ ፋይል ከፍታ ቁጥሩን ብቻ ለውጣ ነው ያተመችው። አዴ ደብዳቤውን አጥፋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችና «አንተ ስታነብልኝ ‹የተከፈለዎት› እያልክ አንብብልኝ» አለችኝ። እስካሁን እንደዚያ ነው የማነብላት።

ሦስት ዓመት በወር በ700 ብር ኖረች። እንዴት እንደሆነ አልተርክም፤ ጥቂት ገብስ፣ ጥቂት አረቄ፣ ልጁም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ጥቂት እርዳታ።

ግንቦት 2017 ላይ ባንክ ሄደች፤ 700 ለማውጣት። ደብተሩ ተመታ፤ ሙሉው 1,000 ገብቷል። 36ቱ ወር ሚያዝያ ላይ አልቆ ነበር፤ ልጁ ቆጥሮ ነግሯታል፣ እኔም ነግሬያታለሁ። ገንዘብ ከፋይዋ አሥሩን መቶ ስትዘረጋላት አዴ ሰባቱን ወስዳ ሦስቱን መልሳ በመስኮቱ ገፋቻት።

«ይቺ እዚያው ትቀመጥ» አለች። «ሊጠይቁ የመጡ እንደሆነ።»

ባለፈው ስጠይቃት ያቺ ሦስት መቶ በየወሩ እየተደመረች እዚያው ደብተሩ ላይ ናት። አልነካቻትም። በሉ፣ ቶናው ደርሷል፤ ስኒውን አቀብሉኝ።