ደወልና የስም ዝርዝር፦ የአዳሪ ተማሪዎች ዕለታዊ ኑሮና የዓመት መዝጊያ ማስታወቂያ በኢትዮጵያ

ከቤተሰብ ርቆ፣ በመምህር አጠገብ ኖሮ መማር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከሀገር ሀገር ይዞር፣ በመምህሩ ደጃፍም ጎጆ ቀልሶ ያድር ነበር። በመሆኑም ስለ ዘመናዊው አዳሪ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲወሳ አዲስ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ ማየት ተገቢ ይሆናል። አዲሱ ነገር ከቤት መራቁ ሳይሆን ቀኑን የሚከፋፍለው ደወልና ዓመቱን የሚዘጋው የስም ዝርዝር ነው። የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ለዛሬው መምህርና ለትምህርት ዕቅድ አውጪው የሚያስተምረው ቁም ነገር አለ።

የአብነት ተማሪው ጎጆ

በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሸጋገራል። ሽግግሩን የሚወስነው የዓመቱ ማለቅ ሳይሆን የመምህሩ ምስክርነት ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪው በጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ያን ሲያደላድል ወደሚቀጥለው የቅኔ ዓይነት ያልፋል። አንዱ ፈጥኖ የሚዘልቀው ትምህርት ለሌላው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ትምህርቱን በከፍተኛ ደረጃ የፈጸመውም ለማስመስከር ወደ ታወቁት ጉባኤያት ይሄዳል፤ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ይዘልቃል።

በዚህ ሥርዓት ሁሉም ተማሪ በአንድ ጀንበር አላፊና ወዳቂ ተብሎ የሚለይበት ቀን አልነበረም። ትምህርቱ የዘገየበት ተማሪ በዚህ ምክንያት ከጎጆው አይወጣም፤ ምግቡም ከመንደሩ ሕዝብ ቸርነት እንጂ ከውጤቱ የሚገኝ አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህን ኑሮ ከመጠን በላይ ማሞገስ አይገባም። ረኀቡ፣ በሽታውና የውሻው ንክሻ ብዙዎችን ከመንገድ አስቀርቷል፤ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር የዚህ ትምህርት ተካፋይ አልነበሩም።

ከጎጆ ወደ መኝታ አዳራሽ

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት መሠረት ተጣለ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪዎችን የሚቀበል ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በበላይ ተቆጣጣሪነት የመሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች ተከፈተ። በ1928 ዓ.ም. የደረሰው የፋሺስት ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በተፈጸመው ጭፍጨፋም በቁጥር ጥቂት ከነበሩት የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ።

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ሥራው እንደገና ከመሠረቱ ተጀመረ። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ። በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በብሪቲሽ ካውንስል አማካይነት ተቋቋመ። በሐረርና በደብረ ብርሃን የተከፈቱት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም ተማሪዎቻቸውን በአዳሪነት ያስተናግዱ ነበር።

መንግሥት ይህን መንገድ የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው ከሞላ ጎደል በዋና ከተማው ብቻ ስለነበር፣ ከወለጋ፣ ከጎጃም ወይም ከሐረርጌ የሚመጣ ልጅ መኝታና ቀለብ ካልተሰጠው በቀር ሊማር አይችልም። መንግሥት ልብሱን፣ ምግቡን፣ አልጋውንና መጽሐፉን ሲችለው ለአንድ የድኻ ልጅ ከወላጅ አቅም በላይ የሆነ በር ተከፈተለት። ነገር ግን ይኸው በር ሊዘጋ የሚችልበት ቀንም አብሮ ተወስኖ ነበር።

የደወሉ ቀን

የአሠራሩ ዝርዝር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም የቀኑ አካሄድ በየስፍራው ይመሳሰላል። ንጋት ላይ ደወል ይደወላል። ተማሪው አልጋውን አንጥፎ፣ ተጣጥቦ ለፍተሻ ይቆማል፤ ዳቦና ሻዩን ቀምሶ ወደ ሰልፍ ይሄዳል። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ትምህርት ይጀመራል። ከምሳ በኋላ እንደገና ትምህርት፣ ወደ ማታ ስፖርት ወይም የግቢ ሥራ፣ ከእራት በኋላ ጥናት ይቀጥላል፤ በመጨረሻም መብራት ይጠፋል። መምህሩ በሌለበት ሰዓት የመኝታ ቤት አለቃና ሞኒተሩ ሥርዓቱን ያስከብራሉ።

ይህ ሥርዓት ከሰዓት አክባሪነት ያለፈ ፍሬ ነበረው። የባላባቱ ልጅና የገባሩ ልጅ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአንድ ማዕድ ተቀምጠዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማይግባቡ ልጆች በአንድ መኝታ ቤት ውለው አድረው ቋንቋን ተወራርሰዋል። ትልቁ ተማሪ ታናሹን ማታ ማታ ሒሳብ ሲያስረዳ የቅኔ ቤቱ ልማድ በመብራት ሥር ቀጠለ ለማለት ይቻላል። ናፍቆቱ፣ የትልልቆቹ ጫናና የቅጣቱ ክብደትም የኑሮው ክፍል እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

በጠቅላላው ዕለታዊው ኑሮ ልጆችን እኩል ለማድረግ ያዘነበለ ነበር፤ ደወሉ ለሁሉም እኩል ይደወላል፤ ወጡም በአንድ ጭልፋ ይቀዳል።

የሰኔው ማስታወቂያ

የዓመቱ መጨረሻ ግን ፊቱ ሌላ ነበር። ዝናም በሚጀምርበት ወራት፣ በወላጆች ቀን፣ አዳራሹ ወይም ሜዳው በሰው ይሞላል። ርእሰ መምህሩ የዓመቱን ሥራ ያሰማሉ፤ መዝሙርና ቲያትር ይቀርባል፤ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው እየተጠራ ሽልማታቸውን ይቀበላሉ። ወደሚቀጥለው ክፍል የተዛወሩት፣ ክፍል የሚደግሙትና የሚሰናበቱትም በየካርዳቸው ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ዕጣቸውን ያውቃሉ። ከዚሁ ጋር መኝታ ቤት የሚዘጋበት፣ ዕቃ የሚረከቡበትና በመስከረም የሚመለሱበት ቀን ይነገራል።

ከቤቱ እየተመላለሰ ለሚማረው ልጅ ይህ ማስታወቂያ ስለ ትምህርቱ የሚነገር ቃል ነው፤ መጥፎም ቢሆን ማታ የሚገባበት ቤት አለው። ለአዳሪው ግን ጉዳዩ ከዚህ ያለፈ ነበር። በውጤቱ ምክንያት የተሰናበተ አዳሪ ከክፍሉ ጋር አልጋውን፣ ማዕዱንና ጓደኞቹን በአንድ ቀን ያጣል። ወላጆቹ በመንገዱ ርቀት ምክንያት በበዓሉ ላይ ስለማይገኙ የሚያጽናናው ዘመድ አጠገቡ የለም። ወሬውን ራሱ ተሸክሞ፣ በአውቶቡስና በእግር ተጉዞ ለአባቱ መንገር ይጠበቅበታል። ለሴት ልጅ ደግሞ ከትምህርት መሰናበት ብዙ ጊዜ ያለ ዕድሜዋ ወደ ትዳር መሄድ ማለት ነበር።

ስለዚህ በአዳሪ ትምህርት ቤት ካርዱ የትምህርት መዝገብ ብቻ ሳይሆን የእንጀራና የመጠለያ መዝገብም ሆኖ ነበር። የአብነት ትምህርት ቤት ለያይቶ ያስቀመጣቸውን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የዕውቀትን ምዘናና የመኖሪያን መብት፣ አዲሱ ሥርዓት በአንድ ወረቀት ላይ አጣመራቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ውጤት ወደ ከፍተኛ ትምህርት መሸጋገሪያ በመሆኑ የዝርዝሩ ክብደት ይበልጥ ጨመረ።

ከለውጥ ወዲህ

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲሰማሩ የተለመደው የትምህርት ዓመት ተቋረጠ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የካቲት 12፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ደግሞ እንጦጦ ተብለው ተሰየሙ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ አውራጃዎች እየተስፋፋ በሄደ መጠንም ልጅን ወደ ዋና ከተማ አምጥቶ ማሳደር የነበረው አስፈላጊነት ቀነሰ።

ሆኖም ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ ብሔራዊውን ፈተና ወሰዱ። በጥር ወር ይፋ በሆነው ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን የማስፋፋት ሐሳብ እንደገና ጎልቶ ወጥቷል። ጎበዝ የገጠር ልጆችን ሰብስቦ፣ አብልቶና አሳድሮ ማስተማር ተገቢ ዓላማ ነው። ይሁን እንጂ የቀድሞው ልምድ ሦስት ነገሮችን ያሳስባል።

አንደኛ፣ የአዳሪነት መብት በአንድ ዓመት ውጤት ብቻ ሊንጠለጠል አይገባም። የደከመውን ተማሪ በክረምት አስተምሮ እንደገና መመዘን ልጁን ከማሰናበት ይልቅ የወጣበትን ሀብት ከብክነት ያድናል።

ሁለተኛ፣ ክፉ ወሬ በሕዝብ ፊትም ሆነ በሰሌዳ ላይ ሊነገር አይገባም። ሽልማት በአደባባይ ቢሰጥ መልካም ነው፤ መሰናበት ወይም ክፍል መድገም ግን በዓሉ ከመድረሱ በፊት ተማሪውን በሚያውቅ መምህር፣ በቢሮ ውስጥ፣ ከምክር ጋር ቢነገር ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ልጁ የሚሄድበትን ስፍራ፣ የሚያደርሰውን መንገድና የሚቀበለውን ሰው ሳያረጋግጥ በሩን ሊዘጋ አይገባም። በተለይ ለሴቶች ልጆች ይህ ጥንቃቄ የትምህርት ዕድላቸውን ብቻ ሳይሆን ሕይወታቸውንም የሚመለከት ነው።

የአዳሪ ትምህርት ቤት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በመዝጊያው ቀን ስማቸው በተጠራው ተማሪዎች ነው። በዚያው ዓመት በዚያው ደወል የተነሡ፣ በዚያው ማዕድ የበሉ፣ ስማቸው ግን ያልተጠራ ልጆችም ነበሩ። ምዘናው እነርሱ በማግስቱ የት እንዳደሩ የሚጠይቅ ጥያቄንም ቢጨምር የተሟላ ይሆናል።