ምስጥ ወይስ መበስበስ? በአልዌሮ ግድብ አካባቢ የእንጨት ሥራና የሁለቱ ጠላቶቹ ታሪክ

በጋምቤላ፣ በአቦቦ አካባቢ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ ሲሠራ፣ የታሰበለት ዓላማ 10,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ ማልማት ነበር። ስለ ግድቡ ሲነገር የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የመስኖ ጉዳይ ነው። ይሁንና በቆላ ሜዳ መካከል ሰፊ ውሃ ሲጠራቀም፣ በዳርቻው ለሚቆም እንጨት ሁሉ አዲስ ሁኔታ ይፈጠራል። ውሃው በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይሸሻል። ከውሃ በታች የነበረ ቋሚ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በእርጥብ ጭቃ ውስጥ፣ ቆይቶም በተሰነጣጠቀ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይገኛል። ነገሩ ለጋምቤላ እንግዳ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የተቋቋመው የንግድ ጣቢያም የሚሠራው ወንዙ ሞልቶ ከካርቱም መርከብ በሚመጣበት የክረምት ወራት ነበር።

በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚዘረጋ የጣውላ መረማመጃ ወይም የጀልባ መጠጊያ ሁለት ጠላት አለበት፤ እነርሱም ምስጥና መበስበስ ናቸው። በልማድ አነጋገር ግን ሁለቱ አይለዩም። ጣውላ ሲሰበር «ምስጥ በላው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ከዚያም አዲሱን ቋሚ የተቃጠለ ዘይት መቀባት፣ ሬንጅ ማልበስ ወይም እግሩን በእሳት ለብለብ አድርጎ መትከል የተለመደ ነው። እነዚህ ዘዴዎች ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን ጥፋቱ ከላይ በዝናብ ውሃ የመጣ ከሆነ፣ የቋሚውን እግር ዘይት መቀባት ራሱን ያመመውን ሰው እግሩን እንደ ማሸት ነው። ገንዘቡ ይባክናል፤ ወለሉም ሰው ተሸክሞ ሳለ ይከዳል።

ሁለቱን ለይቶ ማወቅ በቀላሉ የተገኘ ዕውቀት አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ፣ በመርከቦች ሆድ ውስጥ ጡጫ የሚያህል እንጉዳይ በቅሎ ማግኘቱን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1810 ወደ ውሃ የገባው «ኩዊን ሻርሎት» የተባለው የጦር መርከብ፣ ለአገልግሎት ሳይሰማራ በስብሶ ተገኝቷል። ምክንያቱ በሚገባ ያልደረቀ እንጨትና አየር የማይገባበት የመርከብ ውስጥ ነበር። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ እንጉዳዩ የመበስበስ ውጤት እንጂ ምክንያቱ አይመስላቸውም ነበር። ነገሩን የገለበጠው ጀርመናዊው ሮበርት ሃርቲግ ነው። እርሱም ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረገው ምርምር፣ እንጨቱን የሚያፈርሰው በውስጡ የሚሰራጨው የፈንገስ ክር መሆኑን አስረዳ። የምስጥ ጥናት ከዚህ ይቀድማል፤ ሄንሪ ስሚዝማን በምዕራብ አፍሪካ ያያቸውን የምስጥ ኩይሳዎች የገለጸበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1781 በለንደን ታትሟል።

እንግዲህ በአልዌሮ ዳር አንድ ጣውላ ቢሰበር መሐንዲሱ ወይም አናጢው ምን ማየት አለበት? መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥፋቱ ከየት እንደ ጀመረ ነው። ምስጥ የሚመጣው በአብዛኛው ከመሬት ነው። ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ፣ በቋሚው ላይ ከአፈርና ከምራቁ የጭቃ መተላለፊያ እየሠራ ወደ ላይ ይወጣል። መበስበስ ግን ውሃ በሚያድርበት ቦታ ይጀምራል። ይኸውም ጣውላው ከሥሩ ካለው ተሸካሚ እንጨት ጋር በሚገናኝበት፣ ምስማር በገባበት፣ እንዲሁም በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው። እግሩ ጤነኛ ሆኖ አናቱ የፈረሰ ቋሚ ቢገኝ፣ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ውሃ ነው።

ቀጥሎ እንጨቱን መስበር ነው። ምስጥ የበላው ጣውላ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ በመዶሻ ቢመቱት ግን ባዶ ቅል ይመስል ያስተጋባል። ምስጡ ለስላሳውን ክፍል በእንጨቱ ርዝመት አቅጣጫ እየበላ ጠንካራውን እንደ ገጽ ተነባብሮ ይተወዋል፤ ባዶውንም ቦታ ብዙ ጊዜ በአፈር ይሞላዋል። ከእንጨቱ ውስጥ አፈር ከወጣ ክርክሩ አለቀ ማለት ይቻላል። የበሰበሰው እንጨት ሌላ መልክ አለው። አንዱ ዓይነት ይጠቁርና ርዝመቱን አቋርጦ እየተሰነጠቀ እንደ ስኳር ድንጋይ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆናል፤ በጣት ሲያሹትም ይደቃል። ሌላው ዓይነት ይነጣል፤ እንደ ቃጫም ይፈታል። በወስፌ ወጋ አድርጎ ስንጣሪ ማንሣት ጥሩ ፈተና ነው። ጤነኛ እንጨት ረዥም ስንጣሪ ይሰጣል፤ የበሰበሰው አጭር ሆኖ ቀጭ ይላል።

ነገር ግን ምስጥ መገኘቱ ብቻ ምስጡን ጥፋተኛ አያደርገውም። በእርጥበት የለሰለሰ እንጨት ምስጥን ይጠራል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው የትኛው እንደ ሆነ መመርመር ያሻል። ከዚህም የሚያስገርመው፣ ኩይሳ ሠሪዎቹ ታላላቅ ምስጦች ራሳቸው የፈንገስ ገበሬዎች መሆናቸው ነው። የበሉትን እንጨት በጎጇቸው ውስጥ እንደ ማሳ አዘጋጅተው ፈንገስ ያበቅሉበታል፤ በዝናብ ወቅት ከኩይሳ ላይ የሚፈነዳውም እንጉዳይ ከዚሁ እርሻ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ «ደረቅ መበስበስ» ስለሚባለው ነገር ማንሣት ይገባል፤ ከውጭ መጻሕፍት የሚገለበጡ የሥራ መመሪያዎች ይህን ስም ያበዛሉና። ስሙ ያሳስታል፤ ደረቅ እንጨት አይበሰብስም። እርጥበቱ ከመቶ 20 በታች የሆነ እንጨት ከፈንገስ የተጠበቀ ነው። ትክክለኛው የደረቅ መበስበስ ፈንገስ፣ በሳይንስ ስሙ ሰርፑላ ላክሪማንስ፣ የሚስማማው ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ቀዝቃዛ አየር ነው። ከ26 ዲግሪ ገደማ በላይ እድገቱ ይገታል። ስለሆነም የአውሮፓ የምድር ቤት በሽታ የሆነውን ፈንገስ በጋምቤላ ሙቀት፣ በጠራራ ፀሐይ በሚውል መረማመጃ ላይ መፈለግ ብዙ ትርጉም የለውም። በዚያ የሚገኙት ሙቀት የለመዱ ሌሎች የፈንገስ ዓይነቶች ናቸው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሠፈራ ወደ ጋምቤላ የተወሰዱት ገበሬዎች የለመዱት የደጋ እንጨት ሌላ ነበር። በደጋው ያሉት ጥንታዊ ሕንፃዎች የእንጨትን ዕድሜ ይመሰክራሉ። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ውስጥ ከድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ የተገነባው እንጨት ብዙ መቶ ዓመታት አሳልፏል። ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ በመሠራቱ ዝናብ አያገኘውም፤ ሁለቱም ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ላይ ናቸው። ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር ብዙ ያልራቀ ቆላ ነው። የደጋውን አሠራር እንዳለ ወደዚያ መውሰድ ስለዚህ አያዋጣም።

መድኃኒቱም እንደ ጠላቱ ይለያያል። ለምስጥ ዋናው ነገር እንጨቱን ከአፈር መለየት ነው። ቋሚውን በድንጋይ ወይም በስሚንቶ መሠረት ላይ ማቆምና በመካከሉ ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ ማስገባት፣ ምስጡ መንገዱን በግልጽ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ያን ጊዜ ይታያል፤ ይጠረጋልም። ቆርቆሮው ምስጥ አይገድልም፤ የሚጠቅመው የሚመለከተው ሰው ካለ ብቻ ነው። ለመበስበስ ደግሞ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት መተው፣ ጫፋቸውን በቀለም መድፈንና ነፋስ ከሥር እንዲያልፍ ማድረግ ይረዳል።

በአልዌሮ ዳር እጅግ የሚያስቸግረው ውሃው ከፍ ዝቅ የሚልበት የቋሚው ክፍል ነው። ሁልጊዜ ከውሃ በታች የሚኖረው አየር ስለማያገኝ ፈንገስ አይደፍረውም፤ ምስጥም አይደርስበትም። ከላይ ያለው ይደርቃል። በመካከል ያለው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ይረጥባል፤ አንድ ጊዜም ለምስጥ ክፍት ሆኖ ይከርማል። በወስፌ መፈተሽ ያለበትም ይኸው ክፍል ነው፤ ጊዜውም ውሃው በሸሸበት በበጋ፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ነው።