እሳት ለበላው ሰው ካሣው ስንት ነው?

የሰው ሕይወት በገንዘብ አይተመንም ይባላል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም በሕግ ታሪክ ውስጥ የበዳይ መሸሸጊያ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። በ1808 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው ከባለቤቱ ጋር የተሳፈረበት የፈረስ ሠረገላ ተገለበጠና ሚስቱ ከአንድ ወር ያህል በኋላ ሞተችበት። ነገሩን የተመለከቱት ዳኛ ሎርድ ኤለንቦሮ፣ ሚስቱ በሕይወት ስለ ቆየችበት ጊዜ ካሣ እንዲሰጠው ሲፈቅዱ፣ ስለ ሞቷ ግን በፍትሐ ብሔር ችሎት መጠየቅ አይቻልም ሲሉ በየኑ። በዚህ ብያኔ መሠረት ሰውን ከማቁሰል ይልቅ መግደል ለባለ ሠረገላው የሚቀል ዕዳ ሆነ። ሕጉ የተሻሻለው የባቡር ሐዲድ ተስፋፍቶ የአደጋው ብዛት ዝም የማያሰኝ በሆነበት ጊዜ፣ በ1846 ነው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝም ሆነ አርአያዋን በተከተሉት የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት፣ የሟች የቅርብ ቤተ ሰቦች ስለ ሞቱ ካሣ የመጠየቅ መብት አገኙ።

ይሁን እንጂ መብትን በወረቀት ማግኘትና ካሣን በእጅ መጨበጥ በእጅጉ ይራራቃሉ። ለዚህም የሚኒሶታው የክሎኬት እሳት ጥሩ ዋቢ ነው። ኦክቶበር 12 ቀን 1918 ከእንፋሎት ባቡሮች በተፈናጠሩ ብልጭታዎች በሐዲድ ዳር ተለኩሰው የነበሩ እሳቶች፣ ነፋስ ሲበረታ እርስ በርስ ተጋጥመው ክሎኬት የተባለችውን የጣውላ ሠራተኞች ከተማና አካባቢዋን አወደሙ። ወደ 450 የሚጠጋ ሰው አለቀ። በጦርነቱ ምክንያት ሐዲዶቹን ያስተዳድር የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ስለ ነበር ተጠያቂነቱ በእርሱ ላይ ወደቀ። እሳቱ ብዙ ነውና የአንዱ ባለቤት ብቻ እንዴት ይጠየቃል የሚል ክርክር ተነሣ። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1920 የአንዱ እሳት ከሌላው መቀላቀሉ አጥፊውን ነጻ አያወጣውም፤ ለጉዳቱ ዐቢይ ምክንያት ከሆነ ይጠየቃል ሲል ወሰነ። ሆኖም ከተጎጂዎቹ አብዛኞቹ የተቀበሉት ከተገመተው ጉዳት ከግማሽ ያልበለጠውን ነበር። ቀሪው በኮንግሬስ ውሳኔና በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፊርማ የተፈቀደላቸው በ1935 ነው። እሳቱ ወላጁን ሲነጥቀው በእቅፍ የነበረ ሕፃን በዚያን ጊዜ ለአቅመ አዳም ደርሷል።

ክሎኬት በተቃጠለች በዓመቱ፣ በ1919፣ በካሊፎርኒያ አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በተራራ ላይ ለሚዘረጋው የከፍተኛ ኃይል መስመር የብረት መንጠቆዎች ገዛ። የአንዱ ዋጋ 56 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። መስመሩ በኋላ ወደ ፓሲፊክ ጋዝና ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተላለፈ። ከመንጠቆዎቹ አንዱ ለመቶ ዓመት ያህል በነፋስ እየተወዛወዘ፣ ብረቱ ተበልቶ እየሳሳ፣ ሳይተካ ቆየና ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ማለዳ ተሰበረ። የላላው ሽቦ ያስነሣው እሳት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፓራዳይዝን፣ በእኛ ቋንቋ ገነት የተባለችውን ከተማ፣ ዶግ አመድ አደረጋት። 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18 ሺህ በላይ ቤቶችና ሕንጻዎች ወደሙ።

ከሟቾቹ አብዛኞቹ አዛውንት ነበሩ። የሕጉ ሚዛን የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ካሣ በቀረ ደመወዝ ብቻ ቢሰላ ጡረተኛን መግደል ዕዳ የለበትም ያሰኛል። የካሊፎርኒያ ሕግ ከሟቹ ይገኝ ከነበረው መጦሪያ ሌላ ፍቅሩን፣ አብሮነቱንና ምክሩን ማጣት እንዲካስ ይፈቅዳል። የሐዘንተኛው ለቅሶ ግን አይቆጠርም። ሟቹ በነበልባል ውስጥ የቀመሰው ስቃይም ከእርሱ ጋር እንደ ተቀበረ ይታይ ነበር፤ ይህን ገደብ ያላላው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ2022 ነው።

ኩባንያው በጃንዋሪ 2019 በኪሣራ ሕግ ከለላ ሥር ገባ። ስለዚህ እናቱ የተቃጠለችበት ልጅና ለኩባንያው ገንዘብ ያበደረ ባለ ሀብት በአንድ መዝገብ ገንዘብ ጠያቂ ተብለው ተሰለፉ። ከ2015 እስከ 2018 በተነሡ እሳቶች ለተጎዱት 13.5 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ በ2020 የአደራ ድርጅት ተቋቋመ። የገንዘቡ ግማሽ ግን የኩባንያው አክሲዮን ሲሆን፣ ከጠቅላላው አክሲዮን 22 በመቶ ያህሉ በአደራው እጅ ገባ። ካሣው እንዲሞላ ወገናቸውን የፈጀው ኩባንያ ማትረፍ ነበረበት። ክፍያው ከተፈቀደው 30 በመቶ ጀምሮ በ2023 60 በመቶ ደረሰ። ከመቶ ዓመት በኋላም ክሎኬት የቀመሰችው የጎደለ ካሣ ተደገመ።

በወንጀሉ ችሎት የሆነው ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ጁን 16 ቀን 2020 በቢዩት ካውንቲ ፍርድ ቤት ዳኛው የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ሲጠሩ፣ ፎቶግራፋቸውም ሲታይ፣ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በድርጅታቸው ስም 84 ጊዜ ጥፋተኝነትን አመኑ። ቅጣቱ ለአንድ ሟች 10 ሺህ ዶላር ነበር። ኩባንያ ሥጋና አጥንት የለውምና ወኅኒ የወረደ የለም።

እንግዲህ ካሣ ሟችን እንደማይመልስ የታወቀ ነው። ዋጋ ባይኖረው ግን 56 ሳንቲም የወጣበትን መንጠቆ ለመተካት የሚቸኩል አይኖርም። ለሟች ቤተ ሰብ ይህ ክርክር ሁለት ፊት አለው፤ አንደኛው አጥፊው እንዲከፍል፣ ሁለተኛው የሟቹ ስም በአጥፊው ፊት እንዲጠራ ነው። ታሪክን የሚያስተምረው መምህርም ሆነ ታሪክን ወደ መድረክ የሚያወጣው ከያኒ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ስሙን ቢተው፣ የ1808ቱን ብያኔ ሳያውቀው ያጸናል።